የልጄ እጅ ሻንጣ ገባ

እህቴ ከአዲስ አበባ ስትደውል «እንዴት ነህ?» አላለችም። «ሥራ ለቀቅክ እንዴ?» ነው ያለችኝ።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ዲሴምበር ነው። ልጄ አምስት ዓመቷ ነው፣ እዚህ ቨርጂኒያ ኪንደርጋርተን ገብታለች። ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት ወጣ። «በበዓሉ ከልጆቻችሁ ጋር ቀላል ስጦታ ቤት ውስጥ ሥሩ» ይላል። ከሥሩ ዝርዝር አለ፦ ሪባን፣ ቀለም፣ ብሩሽ፣ ብልጭልጭ። እንግዲህ ቤት ውስጥ የሚሠራውን ስጦታ ለመሥራት መጀመሪያ ሱቅ መሄድ ነበረብኝ። 38 ዶላር ወጣ። በ38 ዶላር እኮ ተሠርቶ ያለቀ፣ ተጠቅልሎ ሪባን የታሰረለት ስጦታ ይገዛል!

ወረቀቱ ላይ ሁለት ምርጫ ነበር። አንደኛው በቅቤና በእንቁላል የሚጋገር ብስኩት ነው። እኛ ደግሞ የገና ጾም ላይ ነን። ፈረንጆቹ በዓሉን በልተው ጨርሰው ዛፋቸውን መንገድ ዳር ሲጥሉ፣ እኛ እስከ ጃንዋሪ 7 ሽሮ ላይ ነን። ሁለተኛው የጨው ሊጥ ነው። 2 ኩባያ ዱቄት፣ 1 ኩባያ ጨው፣ 1 ኩባያ ውሃ። ታቦካለህ፣ ትዳምጣለህ፣ ልጅቷ እጇን ትጫንበታለች፣ ክር የሚገባበት ቀዳዳ ትበሳለህ። ከዚያ ኦቨኑን 250 ፋራናይት ላይ አድርገህ ሁለት ሦስት ሰዓት ታደርቀዋለህ። ሲደርቅ ቀለም ተቀብቶ ይሰቀላል። አይበላም።

ሚስቴ «አይበላም» የሚለው ላይ ቆመች። «ሁለት ኩባያ ዱቄት? ለጌጥ?» አለች። «እህል እኮ ነው!» በልጅነቷ መሬት የወደቀ እንጀራ እንኳ አይረገጥም ተብላ ያደገች ሴት ናት። ምን ልበላት? «ቢያንስ የጾም ነው» አልኳት።

የመጀመሪያውን ዙር አበላሸሁት። ቶሎ ይድረስልኝ ብዬ ኦቨኑን 350 ላይ አደረግኩት፤ ሊጡ እንደ አምባሻ ተነፋ፣ የልጄ ጣቶች ጠፉ። ልጅቷ አለቀሰች። ሁለተኛው ዙር ላይ አምስት እጅ ወጣልን። አንዱ ስድስት ጣት አለው፣ ሁለቴ ስለተጫነችው።

ልጄ ለሥራው ያዋጣችው እጇን ብቻ ነው። መስፈር እኔ፣ ማቡካት እኔ፣ ኦቨኑ ሥር መቆም እኔ፣ ምንጣፍ ላይ የፈሰሰውን ብልጭልጭ መልቀም እኔ። ብልጭልጭ ደግሞ አይለቀምም። እስካሁን ካልሲዬ ላይ አለ። የልጅ የእጅ ሥራ የሚሉት የወላጅ ኦቨርታይም ነው፣ ያውም ያለ ክፍያ። ሌሊት ታክሲ ስነዳ አድሬ የመጣሁ ሰው ነኝ እኮ።

እኔ በልጅነቴ ስጦታ የሠራሁት በእንቁጣጣሽ ነው። የጉለሌ ልጅ ነኝ። ጳጉሜ ስትገባ ሴቶቹ አበባየሆሽ ይለማመዳሉ፣ እኛ ወንዶቹ ሥዕል ላይ ነን። ካለፈው ዓመት ደብተር ያልተጻፈበት ገጽ ይቀደዳል። ቀዩን ቀለም ክሬፕ ወረቀት ውሃ ውስጥ ዘፍዝፈን እናወጣለን። ቢጫው ራሱ አደይ አበባው ነው፣ ወረቀት ላይ አሽተን። ጥቁሩ ከሰል። መልአክ እንሥላለን፤ ጉንጩ ያበጠ፣ አንዱ ክንፉ ከሌላው የሚበልጥ። በጠዋት ቤት ለቤት እናዞራለን። አሥር ሳንቲም፣ ከቀናን ስሙኒ። አንድም ትልቅ ሰው አላገዘንም። አባቴ ካገዘን ያገዘን በኩርኩም ነው፣ «ደብተር ትቀዳድዳለህ?» ብሎ።

ይህንንም እዚህ ልሞክረው አስቤ ነበር። ልጄ ፀሐይና አበባ ሣለች። ግን በር አንኳኩቶ ለማያውቁት ሰው ሥዕል መስጠት በምን ሥርዓት? ማንኳኳት የሚፈቀደው ኦክቶበር 31፣ በሃሎዊን ብቻ ነው፣ ያውም ጭራቅ መስሎ። በዚያ ላይ እንቁጣጣሻችን ሴፕቴምበር 11 ነው። የምንኖረው በዚያ ቀን የሽብር ጥቃት ከደረሰበት ከፔንታጎን ብዙም ሳንርቅ ነው። ሰው ባንዲራውን ዝቅ አድርጎ በሐዘን ሲያስብ አንተ በሩ ላይ ቆመህ «እንኳን አደረሳችሁ» ልትል? ሥዕሉ የኛው ፍሪጅ ላይ ቀረ።

አንድ ነገር ግን ልመስክር። ልጄ እጇን ለአስተማሪዋ ስትሰጥ እዚያው ቆሜ ነበር። ሴትየዋ ተንበርክካ ከልጅቷ ቁመት እኩል ሆነች። «ትንሿ ጣትሽ የቷ ናት? ይሄን ቀለም ለምን መረጥሽ?» እያለች ጠየቀቻት። ወላጆች የሚጠብቋት፣ አሥር ልጅ ዙሪያዋን የሚጮህባት ሴት! ከሳምንት በኋላ ሳያት መስኮቷ ላይ ሰቅላዋለች።

የኛን መልአክ ስለምንነቱ ማንም ጠይቆን አያውቅም። ሥዕሉን ሳያዩ ሳንቲሙን ይሰጡና «በሉ ሂዱ፣ እደጉ» ነው። ከሰዓት በኋላ ስናልፍ መልአካችን ከሰል ማያያዣ ሆኖ እናገኘዋለን። ሠላሳ ዓመት አልፎታል፣ አሁንም ያናድደኛል። አንዲት ጎረቤታችን ብቻ ነበሩ ግድግዳቸው ላይ የሚለጥፉት፣ ከጋዜጣው በላይ፣ በዱቄት ሙጫ። ይህን ትዝ ሲለኝ ለሚስቴ ሮጬ ነገርኳት። «አየሽ? ዱቄት ድሮም ለጌጥ ይውል ነበር!» «ሙጫ መግዣ ስላልነበራቸው ነው» አለችኝ። ክርክሩ እዚያ ላይ ቆመ።

ከአምስቱ እጆች አንዱ ለእናቴ ነበር። አንድ ወዳጄ ለገና ከደለስ ኤርፖርት ሊበር ነው። ሁለት ሻንጣ፣ እያንዳንዱ 23 ኪሎ፣ ሁሉም ኪሎ ከወር በፊት ተይዟል። «ግማሽ ኪሎ ብቻ» ብዬ ለመንኩት።

«ምንድነው?»

«የልጄ እጅ።»

ስልኩ ላይ ትንሽ ዝም አለ።

ወደ እህቴ ስልክ ልመለስ። «ሊጥ ደርሶናል» አለችኝ። «ሊጥ አይደለም፣ እጅ ነው» አልኳት። «እሱማ አውራ ጣቱ ተሰብሮ ለብቻው መጥቷል። ሌላስ?» ሌላ የለም። «ስልኩስ?» ለልጇ ስልክ ቃል ገብቼ ነበር፣ እውነቷን ነው፤ በዚያ ወር አልሆነልኝም። ለካ እማዬ ፖስታውን ከፍታ ስታይ «ልጄን ቸግሮታል» ብላ አልቅሳለች። ለማርያም ስለት ተስላልኛለች! ከአሜሪካ የሄደ ስጦታ እጅ ከሆነ ሰውየው እጅ አጥሮታል ማለት ነው።

መጀመሪያ ሳቅኩ፣ ከዚያ ተናደድኩ። ወዳጄ ሲመለስ ደግሞ ከእናቴ የተላከውን አመጣልኝ። በፌስታል ላይ ፌስታል፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ። በርበሬ። ተቀንጥሶ፣ ታጥቦ፣ ተደልዞ፣ ፀሐይ ላይ ተሰጥቶ፣ ወፍጮ ቤት ሄዶ፣ ተነፍቶ። ሽሮ። ድርቆሽ። ቆሎ። አምና ደግሞ ራሷ በእንዝርት ፈትላ ያሠራችው ጋቢ ነበር። ከዚያ የሚመጣልኝ በሙሉ የእጅ ሥራ ነው፣ እኔ በዚህ ሁሉ ዓመት ደብዳቤ ካልሆነ በቀር በእጄ የሠራሁት ነገር ልኬ አላውቅም። ሁሌ ጫማ፣ ሁሌ ስልክ፣ ሁሌ የተገዛ። እሷ በርበሬ ስትልክ ግን ማንም ደውሎ «እማዬ ቸግሯት ነው እንዴ?» አይልም። አንዴ እኔ እጅ ብልክ ስለት!

ባለፈው እሑድ በቪዲዮ ደወልንላቸው። እማዬ ስልኩን ወደ ቡፌው አዞረችልን። የልጄ እጅ ከሸክላ ስኒዎቹ መሀል ቆሟል፣ አውራ ጣቱ ተመልሶ ተጣብቋል። «በምን አጣበቅሽው?» አልኳት። «በሊጥ ነዋ» አለች። ሚስቴን ዞር ብዬ አየኋት። አላየችኝም።

እህቴ ከጀርባ «ስልኩስ?» ትላለች። ለፋሲካ አልኳት። ልጄ ይህን ሰምታ ለፋሲካ እግሯን ልታትም ወስናለች።