ደጅ ጥናት በሉቭር

የፓሪሱ ሉቭር ሙዚየም ይባል እንጂ የቤተ መንግሥት ጠባዩ ዛሬም አለቀቀውም። በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ንጉሥ ፊሊፕ ኦገስት ከተማዪቱን ለመጠበቅ ያሠራው ምሽግ ነበር፤ ኋላም የነገሥታት መኖሪያ ሆነ። ሉዊ 14ኛ እ.ኤ.አ. በ1682 መናገሻውን ወደ ቬርሳይ ካዛወረ በኋላ ግቢው ባለቤቱ እንደራቀው ቤት ሆኖ ሲኖር፣ አብዮተኞቹ የሉዊ 16ኛን አንገት በቀሉበት በ1793፣ ኦገስት 10 ቀን፣ በሩን ለሕዝብ ከፈቱት። ንጉሡ ሄደ፤ ደጅ ጥናቱ ግን እዚያው ቀረ።

ማክሰኞ ዝግ መሆኑን ሳላጣራ ማክሰኞ ዕለት ሄጄ በሩን ተሳልሜ ተመለስኩ። አያቶቻችን ለአንድ አቤቱታ ስንት ክረምት ደጅ ይጠኑ እንደነበር የሚያውቅ ሰው በአንድ ቀን አያማርርም። በማግስቱ፣ አርክቴክቱ አይ. ኤም. ፔይ ነድፎት እ.ኤ.አ. በ1989 ለጎብኚ በተከፈተው የመስታወት ፒራሚድ ሥር፣ እጅ መንሻዬን በትኬት መልክ አቅርቤ፣ በአጋፋሪ ፈንታ በፈታሽ ተዳስሼ ገባሁ። ከሰፊው ደረጃ ጫፍ ላይ ክንፏን ዘርግታ የምትቀበለው የሳሞትራስ የድል አምላክ ሐውልት ራስ የላትም። ጭንቅላት የሌለው ከፍ ያለ ቦታ ይዞ ማየት ለእኔ አዲስ ስላልነበረ ብዙ ሳልደነቅ አለፍኩ።

ሰው ሁሉ የሚጎርፈው ወደ አንድ አዳራሽ ነው። በዚያ የነገሠችው ቁመቷ 77፣ ስፋቷ 53 ሴንቲ ሜትር የሆነች፣ በእንጨት ሳንቃ ላይ የተሣለች፣ ጥይት በማይበሳው መስታወት ውስጥ የተቀመጠች እመቤት ናት። የቀድሞ ሰው በንጉሥ ፊት ሸማውን አደግድጎ ይቆም፣ ሲሰናበትም ጀርባውን ላለመስጠት ወደ ኋላው እየተራመደ ይወጣ ነበር። የሞና ሊዛ ደጅ ጠኚ ግን ለረጅም ጊዜ ተሰልፎ፣ በክርን ተጋፍቶ፣ የሰው ጫማ ረግጦ ፊቷ እንደደረሰ ወዲያው ጀርባውን ይሰጣታል፤ ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ ፈገግ ይልና ይሄዳል። ከፊቴ የነበረ አንድ ጎልማሳ ፎቶው ስለደበዘዘበት ሦስት ጊዜ ደጋግሞ ሲያነሳ በዓይኔ አይቻለሁ፤ በሦስቱም ጊዜ ያየው የራሱን ፀጉር ነበር።

ከእመቤቲቱ ፊት ለፊት ያለውን ግድግዳ ደግሞ የሠዓሊው ቬሮኔዜ ‹የቃና ሰርግ› ሞልቶታል። ወደ 10 ሜትር የሚጠጋ ስፋት ያለው፣ በጠቅላላ የገጽ ስፋቱ ከሞና ሊዛ ከ160 ጊዜ በላይ የሚበልጥ፣ የናፖሊዮን ሠራዊት እ.ኤ.አ. በ1797 ከቬኒስ ገዳም ነቅሎ ያመጣው ሥዕል ነው። ሙዚቀኛው ይመታል፣ ውሃው ወይን ሆኖ ይቀዳል፣ ታዳሚው ከመቶ በላይ ነው፤ ዘወር ብሎ የሚያይ ግን የለም። ድንኳን ባየ ቁጥር የማን ሰርግ ነው ብሎ የሚጠይቅ ወገኔ እንኳ እንዲህ ያለውን ድግስ በጀርባው ሲያልፈው እኔ አፈርኩ።

ለነገሩ እመቤቲቱ ባትኖርም ደጅ የሚጠናት አታጣም። እ.ኤ.አ. ኦገስት 21 ቀን 1911 ቪንቼንዞ ፔሩጃ የሚባል ጣሊያናዊ ሠራተኛ ሰርቋት ከሁለት ዓመት በላይ ደብቋት ሲኖር፣ የፓሪስ ሰው ተሰልፎ ባዶውን ግድግዳ ይጎበኝ ነበር። ባዶ ወንበር እጅ መንሳት የእኛ ብቻ ይመስለኝ ነበር።

እኔስ? ትዝብቱን ሁሉ በልቤ ይዤ፣ ተራዬ ሲደርስ ጀርባዬን ሰጠኋት። አገር ቤት ስመለስ ፎቶውን ለአክስቴ አሳየኋቸው። መነጽራቸውን አስተካክለው ትከሻዬ ላይ ብቅ ያለችውን ሴት ቢመረምሯት ጊዜ ‹‹ቅንድቧን ምን ነካው?›› አሉ። ቀጥለውም እንደ ደንቡ ‹‹ለመሆኑ የማን ልጅ ናት?›› ብለው ጠየቁኝ።

‹‹የፍሎሬንስ ሰው ናት አክስቴ፤ ሊዛ ጌራርዲኒ ትባላለች። ባለትዳር ናት፤ ባሏ የሐር ነጋዴ ነው።››

ስልኩን መለሱልኝ። ‹‹ታዲያ አንተ ከሰው ሚስት ደጅ ምን አቆመህ?››