«ከምንም ይሻላል» እዚህ ላይ አይሠራም

ወንድሜ፣ ሐሳብህ በጎ ነው፤ አንድ ነገር ግን ላርም። «ደሴ መናኸሪያ ለሚውሉት ልጆች በጎ ፈቃደኛ ሁለት ሦስት ቅዳሜ እንኳ መጥቶ ቢያጫውታቸው ከምንም ይሻላል» ብለሃል። ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ልክ ግን አይደለም።

ግሮስማንና ሮድስ የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2002 ባወጡት ጥናት፣ «ቢግ ብራዘርስ ቢግ ሲስተርስ» በተባለ ድርጅት በኩል እንደ ታላቅ ወንድም ወይም እህት የሚሆን በጎ ፈቃደኛ እንዲመደብላቸው ያመለከቱ ከ1,100 በላይ ታዳጊዎችን ተመልክተዋል። ግንኙነቱ ዓመትና ከዚያ በላይ የዘለቀላቸው ከሁሉም የበለጠ ተጠቅመዋል። በ3 ወር ውስጥ የተቋረጠባቸው ግን ለራሳቸው የሚሰጡት ግምት ጭራሽ ቀንሶ ተገኘ።

እስቲ አስበው። አባቱን በጦርነቱ ያጣ ወይም እናቱ ዓረብ አገር የሄደችበት ልጅ ሰው ሲለየው ምን እንደሚመስል አስቀድሞ ያውቀዋል፤ አንተ ደግሞ «ቅዳሜ እመጣለሁ» ብለህ ስትቀር፣ ሥራ በዝቶበት ይሆናል አይልም፣ እኔ ምን አጠፋሁ ነው የሚለው።

ከጽሑፍህ ሥር ስለ በጎ ፈቃደኞቹ «ሥራ ፈቶች ናቸው» ብለው የጻፉም አሉ። ይሄ በጣም አሳዝኖኛል። ሥራም ቤተሰብም እያላቸው፣ በክረምቱ ዝናብም በጦሳ ተራራ ብርድም ቀጠሯቸውን ሳያጓድሉ ልጁን ፈተናው እንዴት እንደነበር ሊጠይቁ የሚመጡ ሰዎች አሉ። ለልጁ ትልቁ ነገር ይሄ አለመቅረታቸው ነው።

ዓመት መቆየት ካልቻልክ አብሽር፣ በሌላ አግዝ። ደብተር ግዛ፣ ወይም ለሚቆዩት የትራንስፖርት ሸፍንላቸው።