ቆርኪና ጠጠር አንደኛ ክፍል ይግቡ

በየአመቱ የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲወጣ ሀገር ይንጫጫል። በ2014 ከተፈታኞቹ ግማሽና ከዛ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነበር፣ በ2015 3.2፣ በ2016 ደሞ 5.4፣ ከዛ ሚኒስቴሩ ነው አስተማሪው ነው ስልኩ ነው ስንባባል እንከርምና እንረሳዋለን። እኔ ግን የሂሳቡን ነገር ባሰብኩ ቁጥር ሀሳቤ የሚሄደው ወደ ታች ነው፣ ወደ አንደኛ ክፍልና ወደ ኦ ክፍል፣ ምክንያቱም እዛ ቁጥር የምናስተምርበት መንገድ ከልቤ ያሳስበኛል።

ብዙ ክፍል ውስጥ ያለው ይሄ ነው፣ አስተማሪዋ ሰሌዳው ላይ ከ1 እስከ 100 ትፅፍና በእንጨት እየነካች ትጠራለች፣ ልጆቹ በአንድ ድምፅ ይከተላሉ፣ በቃ። ቤት ደሞ እንግዳ ሲመጣ "እስኪ ቁጠርላቸው" ይባላል፣ የግል ትምህርት ቤት የሚማር ከሆነ ዋን ቱ ስሪ እያለ እስከ ሀንድረድ ይወርደዋል፣ ይጨበጨብለታል። ግን እስኪ ያንኑ ልጅ ባቄላ ዘርግፋችሁ "8 ስጠኝ" በሉት። አንዳንዱ እፍኝ ሙሉ ዘግኖ ይሰጣችኋል፣ አንዳንዱ አንዷን ባቄላ ሁለቴ ይቆጥራታል፣ አንዳንዱ ደሞ በትክክል ቆጥሮ ይጨርስና "እሺ ስንት ሆነ?" ሲባል እንደገና ከአንድ ይጀምራል። መጨረሻ ላይ የጠራው ቁጥር የጠቅላላው ብዛት መሆኑ ገና አልገባውም ማለት ነው። ሮሼል ጌልማንና ራንዲ ጋሊስቴል የሚባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1978 ይሄን በደንብ ዘርዝረውታል፣ የቁጥሮቹን ቅደም ተከተል ማወቅ መቁጠር ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ብቻ ነው፣ ለአንድ እቃ አንድ ቁጥር መስጠት አለ፣ የመጨረሻው ቁጥር ብዛቱን እንደሚናገር ማወቅ አለ፣ ከየትም ቢጀመር ብዛቱ እንደማይቀየር ማወቅም አለ። እኛ የመጀመሪያውን ብቻ እናስጮህና አለቀ እንላለን።

በጣም የሚያስቆጨኝ ደሞ ቀሪውን የሚያስተምር ጨዋታ ልጆቹ እጅ ላይ መኖሩ ነው። ቅልብልቦሽን እዩት። እንደየሰፈሩ አጨዋወቱ ይለያያል ግን በአምስት ጠጠር ሲሆን አንዷን ወደ ላይ ትወረውራለህ፣ እሷ ሳትወርድ መሬት ካሉት አራቱ መጀመሪያ አንድ አንድ እያልክ ታነሳለህ፣ ቀጥሎ ሁለት ሁለት፣ ቀጥሎ ሶስቱን ባንዴ ከዛ የቀረችውን፣ መጨረሻ አራቱንም ጠርገህ። ልጅቷ እኮ አራት ሁለትና ሁለት እንደሆነ፣ ሶስትና አንድም እንደሆነ በጣቷ ነው የምታውቀው! ይሄ ደብተር ላይ "3 + 1 = " ተብሎ ሲመጣ ግን ማንም ያ ጠጠሩ እንደሆነ አይነግራትም። አስተማሪዋ በጨዋታው መሀል "አሁን ስንት አነሳሽ፣ ስንት ቀረሽ?" ብትላት ብቻ ግማሹ መንገድ አለቀ፣ በዛ ላይ አራቱ ሲያልቅ በስድስት በሰባት ጠጠር ማስቀጠል ይቻላል።

ሰኞ ማክሰኞም እንደዛው ነው። ሳጥኖቹን በአንድ መስመር አስርዝማችሁ ስሩና ከ1 እስከ 10 ፃፉባቸው። ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ አሜሪካ ውስጥ ከድሀ ቤተሰብ የመጡ ትንንሽ ልጆችን ከ1 እስከ 10 በተደረደረ የሰሌዳ ጨዋታ አጫውተዋቸው ነበር፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል፣ ያቺው ጨዋታ ቁጥር መለየትና የትኛው እንደሚበልጥ ማወቅ ላይ ልጆቹን አሻሽላቸዋለች፣ ከሳምንታት በኋላም አልጠፋም። ጥናቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ፣ ልጁ 4 ላይ ቆሞ ሶስት ሲዘል "አንድ ሁለት ሶስት" ሳይሆን "አምስት ስድስት ሰባት" እያለ ነው መሄድ ያለበት፣ የረገጠውን ሳጥን ቁጥር እየጠራ። መደመር የሚጀምረው እዛ ጋር ነው።

ቆርኪ ደሞ አለ። የለስላሳና የቢራ ቆርኪ በነፃ የሚገኝ ነገር ነው (ጠርዙ እንዳይቆርጣቸው በድንጋይ መታ መታ አድርጎ ማስተኛት ያስፈልጋል)። ለሁለት ለሁለት ልጅ 7 ቆርኪ ስጡ፣ ይበትኑት፣ ስንቱ በጀርባው ወደቀ ስንቱ ተገለበጠ? 5ና 2፣ እንደገና 3ና 4፣ እንደገና 6ና 1። ሰባት መሆኑ አይቀየርም፣ የሚቀየረው አከፋፈሉ ነው። ከዛ አንዱ የተወሰነውን በመዳፉ ይሸፍንና ጓደኛውን "ስንት ደበቅኩ?" ይለዋል፣ መቀነስ ማለት እሱ ነው። ገበጣም ጥሩ ነው፣ ግን ለአንደኛ ክፍል ህጉ ትንሽ ስለሚከብድ መጀመሪያ እየቆጠሩ መዝራቱን ብቻ ቢለማመዱ ይበቃል። አዲስ አበባ ላይ የመንግስት ትምህርት ቤት ልጆች ምገባ ስላላቸው ሳህንና ማንኪያ ማዳረስም አለ፣ 9 ልጅ ተቀምጧል 7 ሳህን መጣ፣ ስንት ጎደለ?

"60፣ 70 ልጅ ባለበት ክፍል እንዴት ይሆናል" የሚለው የአስተማሪዎች ጥያቄ እውነተኛ ጥያቄ ነው፣ ቀላል ነው አልልም። ለዛ ነው ጥንድ ጥንድ የሚያጫውተውን የምመርጠው፣ ሰሌዳ ላይ አንድ ልጅ ወጥቶ ሲሰራ 69ኙ ቁጭ ብለው ያያሉ፣ በቆርኪ ግን ሁሉም እጅ ይሰራል። ይንጫጫሉ፣ አዎ። ታዲያ ርእሰ መምህሩም ሱፐርቫይዘሩም በበሩ ሲያልፉ ጫጫታ ስለሰሙ ብቻ "ክፍሏን መቆጣጠር አቅቷታል" ብለው ለአስተማሪዋ የሚሞሉትን ነጥብ ይተዉ፣ ገባ ብለው ልጆቹ የሚያወሩት ስለ ምን እንደሆነ ይስሙ። በጣት መቁጠርን መከልከልም ይቅር፣ የስድስት አመት ልጅ ጣቱን ካልተጠቀመ ምኑን ይጠቀም?

ወላጆችም ከ1 ጀምሮ እስከ ስንት ደረሰ የሚለውን ትተን ሽንኩርት ስንልጥ "አምስት አምጣልኝ፣ ሁለት ጨምር፣ አሁን ስንት ሆነ?" እንበል። ፈተናውም ቢሆን በወረቀት ብቻ ባይሆን ደስ ይለኛል፣ አስተማሪዋ በቀን አምስት ልጅ እየጠራች ባቄላውን ዘርግፋ "8 ስጠኝ" ብትል 70 ልጅ በ14 የትምህርት ቀን ያልቃል፣ ለእያንዳንዱ አንድ ደቂቃ ይበቃዋል፣ የትኛው ልጅ እገዛ እንደሚፈልግም ሁለተኛ ክፍል ሳይገባ ታውቀዋለች።