ይድረስ ለክቡር የስብሰባ ፕላስቲክ ውሃ

ጉዳዩ፦ ከመንግሥት በጀት ስለመሰናበትዎ

ክቡር ግማሽ ሊትር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? እኛ ደሴዎች ደህና ነን። ከናፍቆትዎ በቀር እንዳልል በየስብሰባው እንገናኛለን።

ከሰብሳቢው ቀድመው ጠረጴዛ ላይ የሚሰየሙት እርስዎ ነዎት። ስለ አካባቢ ጥበቃ በተወያየንበት ቀን እንኳ ለአንድ ሰው ሁለት ሁለት ሆነው ተደርድረው ነበር። ተሰብሳቢው ክዳንዎን ይከፍታል፣ አንድ ሁለቴ ጎንጨት ይላል፣ ሻይ ወጥቶ ሲመለስ የእሱ የትኛው እንደሆነ ይጠፋውና ሌላ ይከፍታል። ሲበተን ግማሽዎ ውሃ፣ ግማሽዎ አየር። ቁራሌው ካገኘዎት እሰየው፤ ዘይት ወይም ናፍጣ ይዘው ሁለተኛ ዕድሜ ይኖራሉ። ካላገኘዎት ክረምት ላይ ጎርፍ ጠርጎ ቦርከና ወንዝ ይጨምርዎታል። ከዚያማ ኮምቦልቻ፣ ከሚሴ እያሉ ያለ ውሎ አበል መስክ ይወጣሉ።

ጦሳ ተራራ ላይ ችግኝ ልንተክል ስንወጣም አብረውን ነበሩ። ችግኙ መጽደቁን እንጃ። እርስዎ ግን ጸድቀዋል።

በእርስዎ አልፈርድም፤ የገዛዎት ግዥ ክፍል ነው። ከሦስት ነጋዴ ፕሮፎርማ (የዋጋ ማቅረቢያ) ይሰበሰባል፣ ረከስ ያለው ያሸንፋል፣ አለቀ። ቦርከናን ማጽዳት የሚያስወጣው ገንዘብ የሚጻፍበት ረድፍ ፕሮፎርማው ላይ የለም። ሰኔ ሲመጣ ደግሞ በጀት ተመላሽ እንዳይሆን በእሽግ በእሽግ ስቶር ይገባሉ። ጆግና ብርጭቆ አንዴ ተገዝቶ ዓመታት ያገለግላል። ጥፋቱ ምን መሰለዎት? በየወሩ አይወራረድም።

ቧንቧው በፈረቃ ነው ይሉኝ ይሆናል። እውነት ነው። ታላቅ ወንድምዎ ባለ 20 ሊትሩ ግን አለ፤ ባዶው ተመልሶ ይሞላል።

የጀርመኗ ሐምቡርግ በ2016 እ.ኤ.አ. ለመሥሪያ ቤቶቿ ባወጣችው የግዥ መመሪያ እርስዎን የመሰሉትን በመንግሥት ገንዘብ አትግዙ ብላለች። ለአንድ ስኒ ቡና ብቻ አገልግሎ የሚጣለው የቡና ካፕሱልም አብሮ ቀርቷል። (እሱ እንኳ ጀበና ላላት ወሎ አያሳስብም።) ነዋሪውን አልከለከለችም፤ የዘጋችው የራሷን ኪስ ነው። መንግሥትን የሚያህል ደንበኛ ፊቱን ሲያዞር ነጋዴው ሌላ ዕቃ ያመጣል። እዚህም ዘመድዎ ፌስታል በ2017 ዓ.ም. አዋጅ ወጥቶበታል። ለእርስዎ አዋጅም አያስፈልግ፤ ምን ዓይነት ዕቃ እንደሚገዛ በሚዘረዝረው ስፔሲፊኬሽን ላይ አንድ መስመር ይበቃል።

አብሽሩ፣ ከሱቅ አላባረርንዎትም። የጠማው መንገደኛ በገዛ ገንዘቡ ይገዛዎታል።

ከሰላምታ ጋር
ከኋላ ወንበር የተቀመጠው ተሰብሳቢ

ግልባጭ፦
ለግዥ ክፍል
ለቁራሌው