ቧንቧው ደርቆ ኮብልስቶኑ ይጠጣል

እኔ የምለው፣ ውሃ ጠፋ የሚባለው የት ሄዶ ነው? እኛ ሰፈር ኮብልስቶኑ ሥር የፈነዳ መስመር አለ፤ ውሃ በሚለቀቅበት ቀን ከድንጋዩ መሃል እየተንፎለፎለ ቁልቁል ይወርዳል፣ መኪና ሲያልፍ ይረጨናል፣ ሊስትሮውም ብሩሹን እዚያው ያጥባል። ቤት ስትገባ ግን ቧንቧው ፉጨት ብቻ። ስንደውል “መዝግበናል” ይሉናል። እሺ መዝግቡ፣ መቼ ነው የምትጠግኑት?

አዲስ አበባ የምትጠጣው ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች፣ ከአቃቂም ጉድጓዶች ነው። ያ ሁሉ ውሃ ተጣርቶ፣ ክሎሪን ገብቶበት፣ በፓምፕ ተገፍቶ መጥቶ ሲሶው ገደማ መንገድ ይቀራል (ቆጣሪ ሳያውቀው የሚቀዳውም ተደምሮ)። ከዚያ “ውሃ ቆጥቡ” የሚል ማስታወቂያ! ምኑን ልቆጥብ፣ ጀሪካኑን?

ፈረቃው ራሱ ደግሞ ጉድ ነው። መስመሩ ባዶ ሲሆን በዚያችው ቀዳዳ ቆሻሻ ወደ ውስጥ ይገባል፤ ውሃው ሲመለስ ቀድሞ የሚመጣው አየር ነው፣ ቆጣሪያችንም ለአየሩ ይሽከረከራል። ክፈሉ እንግዲህ! አዲስ ግድብ ይሠራ ሲባል ሁሉም ያጨበጭባል፣ አንድ መጋጠሚያ ለመቀየር ግን ሰው የለም።