ሥነ ምግባራችን በፒዲኤፍ ተያይዟል

ሥነ ምግባር ጠፋ እያላችሁ የምታማርሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ሀዋሳ ብቅ በሉና የተመራማሪዎቻችንን ፋይል ተመልከቱ። ከፕሮፖዛሉ ኋላ፣ ከበጀት ሠንጠረዡ ቀጥሎ፣ ሥነ ምግባር በአንድ ገጽ ታትሞ፣ ስምና ቀን ተጽፎበት፣ ውጤቱ በመቶኛ ተሰልቶ ተያይዟል። አባቶቻችን የአንድን ሰው ጨዋነት ለማረጋገጥ አብረውት ክፉና ደጉን ማሳለፍ ነበረባቸው። ምን ያህል ጊዜ ባከነ! የዛሬው ጨዋነት እንደ መንጃ ፈቃድ የሚያበቃበት ቀን ስላለው፣ በየሦስት ዓመቱ ማሳደስ ብቻ ነው።

ለማያውቁት ላስረዳ። በሰው ላይ ጥናት የሚያካሂድ ሁሉ፣ ደም የሚቀዳም ሆነ መጠይቅ የሚያስሞላ፣ ጉዳዩን ለሥነ ምግባር ኮሚቴ ሲያቀርብ የኢንተርኔት ሥልጠና ወስዶ ማለፉን የሚያሳይ ሰርተፍኬት እንዲያያይዝ ብዙ ተቋማት ይጠይቃሉ። እ.ኤ.አ. በ2000 የተጀመረው ሲቲ (CITI) የተባለው የአሜሪካ ፕሮግራም አለ፤ በነጻ የሚሰጠው ትሪ (TRREE) የተባለው ሥልጠናም አለ። የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም በነጻ ይሰጠው የነበረው ኮርስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 ሲቋረጥ ሐዘኑ ከባድ ነበር፤ ያዘንነው ግን ለትምህርቱ አልነበረም። የማለፊያው ነጥብ አብዛኛውን ጊዜ 80 በመቶ ነው። የቀረው 20 በመቶ ለሥጋ ድካም የተተወ ይመስለኛል።

ሥልጠናው አንድ እንከን ብቻ አለው፤ አበል የለውም። ሀዋሳ ደግሞ፣ ሐይቁ ምስክር ነው፣ የሥልጠና ከተማ ናት። ከሆቴሎቹ አዳራሽ ባነር ወርዶ አያውቅም። እዚያ የምናየው ተመራማሪ በጠዋት ይደርሳል፣ ስም መቆጣጠሪያው ላይ ይፈርማል፣ ከፊት ወንበር ተቀምጦ ማስታወሻ ይይዛል፣ የመጨረሻው ቀን ላይ ከሒሳብ ሹሟ ጠረጴዛ ዘንድ ሳይቀር ሰልፉን አክብሮ ይቆማል። የኢንተርኔቱ ሥልጠና ግን ሻይ የለው፣ ቆሎ የለው፣ የሚፈረምበት ወረቀት የለው። ስለዚህ አስተዋይ ሰው የሚያደርገውን ያደርጋል፤ ሥራውን ለባለሙያ ይሰጣል።

ባለሙያው ከአንድ ግቢ በር ፊት ለፊት ባለች ፎቶ ኮፒ ቤት ውስጥ የሚሠራ ወጣት ነው። መመረቂያ ጽሑፍ ይጠርዛል፣ መታወቂያ ላሚኔት ያደርጋል፣ ወረቀት በማይኖርበት ሰዓት ደግሞ በሰው ስም ሥነ ምግባር ይማራል። ዋጋው ከጥረዛው ብዙም አይርቅም፤ ባለቀለም ኅትመት ለሚፈልግ ይጨመራል። ደንበኞቹን ሁሉ ገና ከአሁኑ «ዶክተር» ይላቸዋል። «ዶክተር፣ የይለፍ ቃልዎን እዚህ ላይ ይጻፉልኝና ከሰዓት በኋላ ብቅ ይበሉ።» ዶክተሩም የይለፍ ቃሉን በወረቀት ቁራጭ ጽፎለት ይሄዳል። ወጣቱ በዚያ የይለፍ ቃል ገብቶ ስለ ምስጢር ጥበቃ የሚናገረውን ምዕራፍ መቶ ከመቶ ያመጣበታል።

ጉድ የሚባለው ግን ልጁ ማንበቡ ነው። ማንም ሳያስገድደው፣ «ቀጥል» የምትለውን ቁልፍ ከመጫኑ በፊት ያነባል። በሰው ላይ ስለሚደረግ ምርምር የወጣው የ1947ቱ የኑረምበርግ ደንብ አሥር ነጥቦች እንዳሉት፣ የመጀመሪያው የተሳታፊው ነጻ ፈቃድ እንደሆነ ይነግራችኋል። የ1964ቱን የሄልሲንኪ መግለጫ፣ የ1979ኙን የቤልሞንት ሪፖርት ሦስት መርሆች (ሰውን ማክበር፣ መልካም ማድረግ፣ ፍትሕ) ስቴፕለር እየመታ ይዘረዝራቸዋል፤ ዓመተ ምሕረቱ በእነሱ አቆጣጠር መሆኑን ማስታወስም አይረሳም። በቱስኬጊ ጥናት ጉዳይማ ሆዱ ይባባል። 600 ጥቁር ወንዶች፣ ከእነሱም 399ኙ ቂጥኝ የያዛቸው፣ ከ1932 እስከ 1972 ድረስ «መጥፎ ደማችሁን እያከምን ነው» እየተባሉ የበሽታው ሂደት መከታተያ ሆኑ። ፔኒሲሊን ፍቱን መሆኑ ታውቆ እንኳ አልተሰጣቸውም፤ የተሰጣቸው ምሳና የቀብር ወጪ ነበር። ይህን ሲተርክ አንድ ኅትመት የሚጠብቅ ዶክተር ቀና አለና «የት ነው ይህ የሆነው?» አለው። «አላባማ።» «አላባ? እዚሁ ቁሊቶ?» ልጁ ዝም ብሎ ሰርተፍኬቱን አተመለት። 95 በመቶ።

ሰርተፍኬቱ በእጅ ከገባ በኋላ የሚሆነውንም ሳላደንቅ አላልፍም። ታቦር ተራራ ግርጌ አንዲት እናት ግቢያቸው ውስጥ ልብስ ያጥባሉ። መረጃ ሰብሳቢው ከቀበሌው መንገድ መሪ ጋር ገባ። የፈቃደኝነት ቅጹ ሁለት ገጽ ነው፤ መረጃ ሰብሳቢው በአንድ ትንፋሽ አንብቦ ጨረሰው፤ «ያለ ምንም ቅጣት» የሚለው ላይ ብቻ ትንሽ ዋጥ አደረገ። አማርኛው ከእንግሊዝኛ የተገለበጠ ስለሆነ፣ በሲዳሙ አፎ አፋቸውን ለፈቱት እናት ቀርቶ ለአንባቢውም አልገባውም።

«ካልፈለግሁስ፣ ልጄ?» አሉ።

«በፈቃደኝነት ነው፣ እናቴ። ብቻ የእርስዎ ቤት ቁጥር ወጥቷል።»

ሴትዮዋ መንገድ መሪውን አዩት። መንገድ መሪው ወደ ተራራው አየ።

«እንግዲህ ከወጣ ምን አደርጋለሁ» አሉና አውራ ጣታቸውን ሰጡ። ጣቱ በሳሙና ረጥቦ ኖሮ ቀለሙ አልይዝ አለ። መረጃ ሰብሳቢው በራሱ መሐረብ አድርቆ እንደገና አስፈረማቸው። ሰውን ማክበር ማለት ይኸው አይደል? ከዚያ ስለ ወር ገቢያቸው፣ ስለ ሞቱባቸው ልጆች፣ ባላቸው ይመታቸው እንደሆነ ጠየቃቸው። መንገድ መሪው ምስጢር ለመጠበቅ ሲል ሁሉንም እዚያው ቆሞ ሰማ።

ኮሚቴውን የሚወቅስ ካለ ደግሞ ይፈር። ኮሚቴው ያየው ፋይሉን ነው፤ ፋይሉ ሙሉ ነው። ሴትዮዋ ፋይሉ ውስጥ የሉም።

በቅርቡ አንድ የጥናት ቡድን መረጃ ሰብሳቢዎች እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ያተመው የእኛው ልጅ ነው፤ ግቢው በር ላይ የለጠፈውም እሱ ነው። ሲለጥፍ አነበበው፣ ወደደው፣ አመለከተ። ለቃለ መጠይቅ ሲቀርብ ከጠያቂዎቹ ሁለቱ የሥነ ምግባር ሥልጠናቸውን በእሱ እጅ የጨረሱ ነበሩ። በአክብሮት ተቀብለው ስለ ቤልሞንት ጠየቁት፤ ሲመልስ አንደኛው ማስታወሻ ያዘ። በመጨረሻ ግን በራሱ ስም የተሰጠ ሰርተፍኬት ስላላቀረበ መስፈርቱን እንደማያሟላ ነገሩት። እውነታቸውን ነው፤ የለውም። አሁንም በራሱ ስም ልውሰድ ቢል ጊዜ አላገኘም፤ የአዲሱ ዓመት ፕሮፖዛል ማስገቢያ ደርሶ የዶክተሮቹ ተደራርቦበታል።