የባሕር ዳር ልጅ ባሕር ዳር

ተወልጄ ያደግሁት ባሕር ዳር ነው። የእውነት ባሕር ያየሁት ግን ሠላሳ ዓመት አልፎኝ፣ ቨርጂኒያ ነው። ልጆች ሳለን ጣናን «ባሕሩ» ነበር የምንለው፤ ሐይቅ መሆኑን ጂኦግራፊ መምህራችን ሲነግረን ትንሽ ቅር ብሎን ነበር።

ዘንድሮ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆቹን ጭነን ባሕር ዳር ወዳለችው ከተማ፣ ወደ ሃምፕተን ወረድን። ወንዱ ዘጠኝ፣ ሴቷ ስድስት ዓመቷ ነው። ከምንኖርበት ከቨርጂኒያዋ አሌክሳንድሪያ ሦስት ሰዓት ይፈጃል ይላሉ። አርብ ከሰዓት ኢንተርስቴት 95 አውራ ጎዳና ላይ ለወጣ ሰው ግን ይሄ ተረት ነው። ባለቤቴ ፍርፍር ቋጥራ ነበር። ልጆቹ ፍሬዴሪክስበርግ ሳንደርስ «የዶሮ ናጌት» ብለው አለቀሱ።

መጀመሪያ ጄምስታውን ገባን። በ1607 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው) እንግሊዞቹን ሰፋሪዎች ያመጡት የሦስቱ መርከቦች አምሳያ ወንዙ ላይ ቆሟል። ትንሿ ዲስከቨሪ ከከተማ አውቶቡስ ብዙም አትበልጥም። ሃያ ምናምን ሰው ከአራት ወር በላይ ታጭቆ መጥቶባታል። ልጄ ማንም ሳይቆጣው ገመድ ጎተተ፣ የብረት ቆብ አጠለቀ፣ ወጣ ወረደ።

እኛንም በልጅነታችን ጎንደር፣ ፋሲል ግቢ ወስደውናል። ትዝ የሚለኝ «አትንኩ!» እና «አትሩጥ አንተ!» ነው። አስጎብኚው የሚያወራው ከመምህራችን ጋር ነበር። እኛ ከኋላ ሆነን የነገሥታቱን ስም ደብተር ላይ እንገለብጣለን።

ግን አላዳላም። በጥንት ልብስ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰውዬ ሴቷ ልጄ «ማታ እዚህ ነው የምትተኛው?» አለችው። ሳቀ። ሲዘጋ ልብሱን ቀይሮ፣ መኪናውን አስነስቶ ቤቱ ይገባል። መርከቦቹም አጥሩም በኛ ዘመን የተሠሩ ናቸው። እኔ የጥምቀት ዕለት የፋሲል መዋኛ ውስጥ ከነሱሪዬ ስዘል ትርኢት የሚያሳየኝ ሰው አልነበረም። ግንቡ የእውነት፣ ጸበሉ የእውነት። በማግስቱ የያዘኝ ጉንፋንም የእውነት ነበር።

በሁለተኛው ቀን ፎርት ሞንሮ ሄድን። ባሕሩን ተደግፎ የቆመ፣ ዙሪያውን በውሃ የተከበበ ትልቅ የድንጋይ ምሽግ ነው። በ1619 ከአንጎላ ተይዘው የመጡ ሃያ ከምናምን ሰዎች ዋይት ላየን ከሚባል መርከብ የወረዱት እዚሁ ጠረፍ ላይ ነው። ምሽጉ የተሠራው ከዚያ በኋላ ነው። በ1861 ደግሞ፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ ሦስት ባሮች ሌሊት በጀልባ ቀዝፈው እዚሁ ደረሱ። ጌታቸው መልሱልኝ ብሎ ሰው ላከ። የምሽጉ አዛዥ፣ የሰሜኑ ጦር ጄኔራል በትለር ግን «የጦር ምርኮ ንብረት ናቸው» ብሎ አስቀራቸው። ሕጉ እንደ ዕቃ ስለሚቆጥራቸው፣ እንደ ዕቃ ወረሳቸው! እንዲህ ያለ ተንኮል እኔ እወዳለሁ። ወሬው ሲሰማ በመቶዎች፣ ቆይቶም በሺዎች የሚቆጠሩ ተከትለው መጡ።

ይህን ሁሉ ለልጄ የነገረችው የፓርኩ ጠባቂ ናት። በርከክ ብላ፣ ዓይኑን እያየች። እኔን ዘወር ብላም አላየችኝ። ልጆች ጥያቄ እየመለሱ የሚሞሉት ደብተር ሰጠችው። ሲጨርስ ቀኝ እጁን አስነስታ አስማለችውና ባጅ ደረቱ ላይ ሰካችለት። ለመኪና ማቆሚያው እንኳ ስሰስት የነበርኩት ሰውዬ ዓይኔ እንባ አቀረረ።

ከዚያ በመርከብ ስለመጡት ሰዎች የሚናገረው ሰሌዳ ጋ ቆመን፣ ልጄ «ዳዲ፣ እነዚህ እኛ ነን?» አለኝ።

ምን ይባላል? የኛ አያቶች እዚያ መርከብ ላይ አልነበሩም። እዚህ አገር መንገድ ላይ ፖሊስ ሲያስቆመኝ ግን የአያቴን አገር አይጠይቀኝም። «ዘመዶቻችን ናቸው» ብዬ አለፍኩት።

አላለፈኝም። ስንመለስ ከኋላ ወንበር ሆኖ «ከኢትዮጵያስ በመርከብ የተወሰዱ አሉ?» አለ።

«አሉ። በምጽዋ፣ በታጁራ፣ በዘይላ አድርገው ቀይ ባሕርን ያሻግሯቸው ነበር።»

«ማን ነው የሸጣቸው?»

ባለቤቴ ዞር ብላ አየችኝ። እኔ በትምህርት ቤት የተማርኩት ንጉሡ ባርነትን ማስቀረታቸውን ነው። የ1942ቱን አዋጅ ሸምድጃለሁ። ግን አዋጁ ያስቀረው የማንን ባሪያ እንደሆነ፣ ባሪያዎቹስ ከየት እንደመጡ የጠየቀ ልጅ ክፍላችን ውስጥ አልነበረም።

«የራሳችን ሰዎችም ነበሩበት» አልኩት።

ትንሽ ዝም አለ። ባጁን በጣቱ እያሻሸ ነበር።

«እዚያስ ሰሌዳ አለው?»

«እኔ አይቼ አላውቅም።»

እህቱ ነቅታ ሽንቴ መጣ አለች። ቀጣዩ መውጫ አሥራ አንድ ማይል ይቀረው ነበር።